የመኪና መግቢያን በንጣፍ ድንጋይ ሲያስነጥፉ

ከግቢ በር እስከ መኪና ማቆሚያ ያለውን ቦታ በኮብልስቶን ወይም ኢንተርሎክ በሚባለው የሲሚንቶ ንጣፍ ለማስነጠፍ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀለምና ቅርጽ በማማረጥ ይደክማል፤ ሆኖም ጥቂት ክረምት እንዳለፈ የጎማ መስመር ይዞ የሚሰረጉደው ንጣፍ የሚበላሸው ከሥሩ ባለው አፈርና መውጫ ባጣ ውኃ ምክንያት ነው። በጀት ካጠረ ርካሽ ድንጋይ መምረጥ ይቻላል፤ ከመሠረቱ መቀነስ ግን አይገባም።

አስቀድሞ የአፈሩን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። በቦሌና በአቃቂ በኩል በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ እየከፈተ ይኮማተራል፤ በእንዲህ ያለው አፈር ላይ በቀጥታ ገረጋንቲ (ለመሠረት የሚደለደል ጠጠራማ አፈር) ደልድሎ ማንጠፍ ገንዘብን መቅበር ነው። ጥቁሩ አፈር ተቆፍሮ ወጥቶ ቦታው በተመረጠ አፈር መሞላት አለበት፤ ሙሉ በሙሉ ማውጣት የማይቻል ከሆነ የቁፋሮውን ጥልቀት ባለሙያ ይወስን። ቀይ አፈር ባለበት ሰፈር ሥራው ይቀላል፤ ሥርና ቅጠል ያለበት የላይኛው አፈር ከተነሣ በኋላ ለቤት መኪና ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ይበቃል። ገረጋንቲው በአንድ ጊዜ ተቆልሎ ሳይሆን በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተደለደለ፣ ውኃ በመጠኑ እየተረጨበት በማሽን ይጠቅጠቅ። በጫማ ተረከዝ አጥብቀው ሲረግጡት ምልክት የሚቀርበት ከሆነ ገና ነው።

ውኃው ከቤቱ ግድግዳ እየራቀ እንዲወርድ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዳፋት ያስፈልጋል፤ ይህም በገረጋንቲው ላይ እንጂ በኋላ አሸዋ በማወፈር አይሠራም። መውረጃው ወደ ጎረቤት አጥር እንዳይሆን ከወዲሁ ማሰብ ከብዙ ጭቅጭቅ ያድናል።

ኢንተርሎክ ሲገዛ ውፍረቱ ለቤት መኪና ከ6 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ፣ የጭነት መኪና የሚገባ ከሆነ 8 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሁለቱን አንስተው ሲያጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ መስጠት አለባቸው፤ አንዱን ሰብረው ውስጡን ቢያዩ ደግሞ የሚፈረፈር ወይም ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ወዲያው ይታወቃል። የተመረተበትን ቀን መጠየቅም ተገቢ ነው፤ በቂ ውኃ ሳይጠጣ ለገበያ የወጣ ድንጋይ ጠርዙ ቶሎ ይሸረፋል። በ20 በ10 ሴንቲ ሜትር መጠን ያለው ለአንድ ካሬ ሜትር 50 ያህል ስለሚፈጅ፣ ለስባሪ ጥቂት ጨምሮ መግዛት ይበጃል።

ዳርና ዳሩ ከርብስቶን በሚባለው የጠርዝ ድንጋይና በኮንክሪት ሳይያዝ ንጣፍ መጀመር የለበትም፤ አለዚያ ድንጋዮቹ በመኪና ግፊት ወደ ጎን ይሸሻሉ። ከዚያ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ንጹሕ አሸዋ ተደልድሎ፣ ሳይረገጥ፣ በተወጠረ ክር (ስፓጎ) እና በውኃ ልክ እየተመሩ ድንጋዩን መደርደር ነው። ረጅም ድንጋይ ከሆነ አንዱ በቁመት ሌላው በአግድም እየተጠላለፈ ቢደረደር የጎማን ግፊት የተሻለ ይቋቋማል።

በመጨረሻ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ተጠርጎ ይገባና ንጣፉ በማሽን ይመታል፤ አሸዋው ሲሰምጥ ይደገማል። አንዳንድ ግንበኞች በዚህ ፈንታ የሲሚንቶ ውኃ ማፍሰስ ይወዳሉ፤ ነገር ግን መሠረቱ ትንሽ ቢንቀሳቀስ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ የውኃ ቱቦ ለመጠገን ሲፈለግም ድንጋዩ ሳይሰበር አይነሣም። በአሸዋ የተያዘውን ግን አንሥቶ መመለስ ይቻላል። ሥራው ከጥቅምት በኋላ ቢጀመር ጥሩ ነው፤ የመጀመሪያው ክረምት ሲያልፍ በጎርፍ የተጠረገውን የመገጣጠሚያ አሸዋ እንደገና መሙላት ያስፈልጋል።