የስኮሊዮሲስ ቀዶ ጥገና፦ እንዴት ትዘጋጃላችሁ፣ እንዴት ታገግማላችሁ

የቀዶ ጥገናው ቀን ተቆርጧል እንበል። ለራሳችሁ ወይም ለልጃችሁ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚወራው ስለዚያች ቀን ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ቀን ተኝታችሁ ነው የምታሳልፉት፤ ሥራውም ጭንቁም የሐኪሞቹ ነው። የእናንተ ድርሻ ያለው ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታትና ከዚያ በኋላ በሚመጡት ወራት ላይ ነው። ደግሞ ብዙ ሰው ከሰመመን ሲነቃ ግራ የሚያጋባው ትንንሹ ነገር ነው፦ ከአልጋ እንዴት ልነሳ፣ ሽንት ቤት እንዴት ልቀመጥ፣ ካልሲዬን ማን ያጥልቅልኝ። ይሄን ሁሉ ጀርባችሁ ገና ሳይነካ ቤታችሁ ውስጥ ልትለማመዱት ትችላላችሁ።

1. ምን እንደሚሠራላችሁ እወቁ

ስኮሊዮሲስ ማለት አከርካሪ ወደ ጎን ሲጣመምና አብሮም ሲዞር ነው። ጥመቱ የሚለካው በራጅ ላይ ሲሆን፣ መለኪያው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኮብ በ1948 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው ዘዴ ስም ኮብ አንግል ይባላል። 10 ዲግሪ ሲሞላ ስኮሊዮሲስ ተብሎ ይመዘገባል። ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ከ25 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በተለምዶ ብሬስ፣ ማለትም ጥመቱ እንዳይብስ ወገብና ደረት ላይ የሚታሠር ጠንካራ ድጋፍ፣ ይታዘዛል። 45 ወይም 50 ዲግሪ ሲያልፍ የቀዶ ጥገና ነገር ይነሳል፤ ከ50 ያለፈ ጥመት ቁመት ማደግ ካቆመ በኋላም ቀስ እያለ መጨመሩን አይተውማ።

ቀዶ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በጀርባ በኩል ነው። አከርካሪዎቹ ላይ ብሎኖች ይገባሉ፣ ብሎኖቹ በሁለት ዘንጎች ይያያዛሉ፣ ጥመቱ በሚቻለው መጠን ይቃናል፣ ከዚያ አጥንቶቹ አንድ ሆነው እንዲጋጠሙ ፍርፋሪ አጥንት ይጨመርባቸዋል። ሰዓታት ይፈጃል። ነርቮቹ ደህና መሆናቸውን የሚከታተል መሣሪያም ሥራው ሁሉ እስኪያልቅ ከሰውነታችሁ ጋር እንደተያያዘ ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ብረቱ ሲሚንቶ እስኪጠነክር እንደሚደግፍ ጣውላ ነው። ዋናው ሥራ የአጥንቱ መጋጠም ነው፤ እሱ ደግሞ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ይወስዳል። በኋላ "አትጎንበሱ፣ አትሸከሙ" እየተባለ የሚነዘነዘው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ድሮ፣ ቀዶ ጥገናው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሲጀመር፣ ዘንግ የሚባል ነገር ስላልነበረ ሰው በጄሶ ታሽጎ ለወራት አልጋ ላይ ይውል ነበር። ዛሬ በማግስቱ ያስነሷችኋል።

ሐኪማችሁን ስታገኙ ጥያቄዎቻችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ከየትኛው እስከ የትኛው አከርካሪ ነው የሚያያዘው? ወደ ወገብ በወረደ ቁጥር መጎንበስ ላይ ያለው ለውጥ ስለሚጨምር ይሄ ተራ ጥያቄ አይደለም። ጥመቱ ምን ያህል ይቃናል? ደም ሊያስፈልገኝ ይችላል? ስፖርቴን መቼ እጀምራለሁ? ስለ ነርቭ ጉዳትም በግልጽ ጠይቁ። ምክንያቱ ያልታወቀ ስኮሊዮሲስ ባለባቸው ታዳጊዎች ላይ ከ100 ሰው አንድ የማይሞላ ነው፤ የእናንተ ሁኔታ ከዚያ የሚለይ ከሆነ ግን መስማት ያለባችሁ ከሐኪማችሁ ነው።

2. ሰውነታችሁን አዘጋጁ

ቀኑ እንደተቆረጠ ደማችሁን ተመርመሩ። ደም ማነስ ካለ የአይረን እንክብል ሥራውን ለመሥራት ሳምንታት ስለሚፈልግ በመጨረሻው ሰዓት መሯሯጥ አይጠቅምም። የጥርስ ሕመም ካለ አሁኑኑ አሳክሙት። ጀርባችሁ ላይ ቁስል ወይም የበዛ ብጉር ካለ አሳዩ።

የምትወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ተናገሩ፣ "ይሄማ ቫይታሚን ነው" ብላችሁ ሳትዘሉ። አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክና አንዳንድ የዕፅዋት መድኃኒቶች መድማትን ስለሚጨምሩ ብዙውን ጊዜ ከቀናት በፊት ያስቆሟችኋል። የወሊድ መቆጣጠሪያ የምትወስዱም ተናገሩ፤ አንዳንዱ ዓይነት የደም መርጋት አደጋን ያመጣል። በቤተሰብ ውስጥ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ችግር የገጠመው ሰው ካለም የሰመመን ባለሙያው ይወቅ። ግን መድኃኒት በራሳችሁ ፈቃድ አታቁሙ።

ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ እዚህ ላይ ድርድር የለም። ኒኮቲን አጥንት እንዳይጋጠም ያደርጋል። ቬፕም፣ ሺሻም ያው ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ብቻ ሳይሆን አጥንቱ እስኪጋጠም ድረስ መራቅ ነው።

በተረፈ በደንብ ብሉ፣ በተለይ ፕሮቲን። በየቀኑ በእግር ተጓዙ። እግራችሁን አጠንክሩ፤ በኋላ ከወንበር የሚያነሳችሁ ጭናችሁ ነው፣ ጀርባችሁ አይደለም።

3. እንቅስቃሴዎቹን አሁን ተለማመዱ

ጽሑፉን ሁሉ ትታችሁ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄን አንብቡ።

ከአልጋ መነሳት፦ በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ። ከዚያ ትከሻና ዳሌ አንድ ላይ፣ ማንኛቸውም ሳይቀድሙ፣ ወደ ጎን ዙሩ። እግራችሁን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ስታወርዱ በዚያው ቅጽበት በክርናችሁና በእጃችሁ አልጋውን ገፍታችሁ ተቀመጡ። ትንሽ ቆዩ፣ ሊያዞራችሁ ይችላል። ከዚያ በእግራችሁ ኃይል ቁሙ። ለመተኛት ይሄንኑ ከኋላ ወደ ፊት ነው። ጤነኛ ሆናችሁ ስትሞክሩት ያስቃል፤ ደጋግሙት፣ እጃችሁ ሳያስብ እስኪያውቀው። ሕመምና እንቅልፍ የተቀላቀለበት ሰው አዲስ ነገር መማር ይከብደዋል።

ከዚያ ሽንት ቤቱን ሞክሩ። ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ ሳትጎነበሱና ሳትዞሩ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ለመጠራረግም እጃችሁ እንደሚደርስ እዩ። አዎ፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም፣ ሁሉም ሰው ግን ይገጥመዋል። መቀመጫው ዝቅ ያለ ከሆነ ከፍ የሚያደርግ ነገር ይፈለግለት።

አንድ ሙሉ ቀን ሳትጎነበሱ ለመዋል ሞክሩ። ምን ምን እንደሚያስቸግራችሁ ያኔ ይታያችኋል፦ ከታች ያለው መሳቢያ፣ የጫማ ክር፣ መሬት ላይ የወደቀ ስልክ። ቤቱንም በዚያ አስተካክሉ። በየቀኑ የምትፈልጉት ነገር ከወገብ እስከ ደረት ባለው ከፍታ ላይ ይሁን። የሚያንሸራትት ምንጣፍ ይነሳ። ገላ መታጠቢያ ውስጥ ወንበር ይግባ። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ፣ ልቅ ሱሪ፣ ክር የሌለው ጫማ፣ ረጅም የቻርጀር ገመድ፣ የሚታጠፍ ስትሮው፣ ብዙ ትራስ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብሯችሁ የሚሆን ሰውም ከአሁኑ ይወሰን፤ "አይዞህ፣ እናግዝሃለን" ከሚሉ አሥር ሰዎች "ማክሰኞና ሐሙስ እኔ አለሁ" የሚል አንድ ሰው ይሻላል።

4. ዋዜማውና ዕለቱ

በተሰጣችሁ የፀረ ጀርም ሳሙና ታጠቡ። ጀርባችሁን አትላጩ፤ ትንንሽ ጭረት ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። የጥፍር ቀለም፣ ጌጣጌጥ፣ ኮንታክት ሌንስ ይውለቅ። ምግብና መጠጥ በስንት ሰዓት እንደምታቆሙ የሰመመን ባለሙያው የነገራችሁን በትክክል ጠብቁ፤ ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ቀጠሮው ሊሰረዝ ይችላል። ረጅም ፀጉር ያላችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ተሠሩት፣ ለቀናት አልጋ ላይ ስለሚታሽ።

5. ሆስፒታል ውስጥ

ስትነቁ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ የእግር ጣታችሁን እንድታንቀሳቅሱ ነው። ፊታችሁ አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ለሰዓታት በደረታችሁ ተኝታችሁ ነበር። ጉሮሯችሁ ይከረክራል፣ ቱቦ ገብቶበት ስለነበር። የሽንት ማስወጫ ቱቦ (ካቴተር)፣ ግሉኮስ፣ አንዳንዴም ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ይኖራል። ቤተሰብም ይሄን አስቀድሞ ቢያውቅ ጥሩ ነው፣ አለዚያ በር ላይ ሲያዩአችሁ ይደነግጣሉ።

ሕመሙ ቀላል አይደለም፣ አልዋሻችሁም። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይከብዳሉ። ቁልፍ ተጭናችሁ ማስታገሻ የምትወስዱበት መሣሪያ ከተሰጣችሁ የሚጫነው ታካሚው ብቻ ነው፤ እናት አዝና ብትጫንለት ከሚገባው በላይ ሊሆንና ትንፋሹን ሊያዳክም ይችላል። ሕመሙ እስኪብስ አትጠብቁ፣ ቶሎ ተናገሩ። ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ያስቀምጧችኋል ወይም ያቆሟችኋል። ያኔ ያ የተለማመዳችሁት አነሳስ ዋጋው ይገባችኋል። በጥልቅ መተንፈስ፣ ማሳልም ሲያስፈልግ ማሳል፣ እግር ማንቀሳቀስ፤ ሳንባንና ደም ዝውውርን ይጠብቃል።

አንዳንዱ ሰው ሲቆም "ወደ አንድ ጎን አጋድያለሁ" ይላል። መስታወት ውስጥ ግን ቀጥ ብሏል። አንጎል የለመደው የድሮውን ጥመት ነው፤ በጊዜ ይስተካከላል። ቁመትም በጥቂት ሴንቲሜትር ይጨምራል፣ ሸሚዝ ያጥራል ማለት ነው።

6. ቤት ስትገቡ

የመጀመሪያው ጠላት የሆድ ድርቀት ነው። ጠንካራ ማስታገሻዎች አንጀትን ያዘገያሉ። ውሃ ጠጡ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ብሉ፣ የታዘዘላችሁን ማለስለሻ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ። ሦስተኛው ቀን ላይ ከመሰቃየት ይሄ ይሻላል።

መድኃኒቱን በሰዓቱ ውሰዱ፣ የወሰዳችሁበትን ሰዓት ጻፉ፣ ስትቀንሱም ሐኪም እንዳላችሁ ቀስ በቀስ። ኢቡፕሮፌን የመሰሉትን ሳትጠይቁ አትጨምሩ፤ በአጥንቱ መጋጠም ላይ ጥያቄ ስላለ ሐኪሞች የተለያየ አቋም አላቸው።

መድኃኒታችሁ መራመድ ነው። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከዚያ ግቢ፣ ከዚያ መንገድ። በቀን አንዴ ረጅም ከመሄድ ብዙ ጊዜ ትንሽ ትንሽ መሄድ ይሻላል። አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ አትቀመጡ። ዛሬ ጥሩ ሆኖ ነገ ሊብስ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ትናንት አብዝታችሁ ነው።

ሦስቱ ክልክሎች፦ ከወገብ መጎንበስ፣ ወገብን መጠምዘዝ፣ ከባድ መሸከም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጥቂት ኪሎ በላይ አታንሱ። የትምህርት ቤት ቦርሳ ጀርባ ላይ አይወጣም፤ ሁለተኛ የመጽሐፍ ቅጂ ቤት ማስቀመጥ ወይም ጓደኛ እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል። የወደቀ ነገር ካለ በጉልበታችሁ ዝቅ በሉ ወይም ሰው ጥሩ። ሕፃን ልጅም ክብደት ነው፣ አትሸከሙ፣ ተቀምጣችሁ ጭናችሁ ላይ ያስቀምጡላችሁ።

ቁስሉ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። መቼ ገላ እንደምትታጠቡ የነገሯችሁን ጠብቁ፤ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍና ዋና ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይድን አይሞከርም። ጠባሳው አካባቢ መደንዘዝ የተለመደ ነው። ለአንድ ዓመት ያህል ከፀሐይ ሸፍኑት፣ አለዚያ ይጠቁራል።

ሌላው ብዙ የማይወራበት ነገር መንፈስ ነው። ጠያቂ ሲቀንስ፣ እንቅልፍ ሲዛባ፣ ለሁሉም ነገር ሰው ስትለምኑ ድብርት ይመጣል፣ ያለ ምክንያት ማልቀስም አለ። የሚያልፍ ነው፤ ካላለፈ ግን እንደ ማንኛውም ምልክት ለሐኪም ንገሩ።

7. ሳትዘገዩ የምትደውሉባቸው ምልክቶች

ከ38 ዲግሪ በላይ የሚቆይ ትኩሳት። ቁስሉ ሲቀላ፣ መግል ወይም ፈሳሽ ሲያወጣ፣ ሲከፈት። ስትቆሙ የሚብስ፣ ስትተኙ የሚቀንስ ኃይለኛ ራስ ምታት። የማያቋርጥ ትውከት፣ በተለይ አረንጓዴ ከሆነ፤ አከርካሪው ሲቃና አንጀት የሚጨመቅበት ሁኔታ አለና "ማስታገሻው ነው" ብላችሁ አትለፉት።

እነዚህ ደግሞ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ናቸው፦ አዲስ የእግር መድከም ወይም መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር። የአንድ እግር ባት ሲያብጥና ሲያም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል እሱም በዚያው ቀን ይታይ።

8. ወደ ኑሮ መመለስ

ብዙ ተማሪዎች ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ትምህርት ይጀምራሉ፣ መጀመሪያ በግማሽ ቀን ቢሆን ይመረጣል። ጠንካራ ማስታገሻ እየወሰዳችሁ መኪና አትንዱ። ሩጫና ቀለል ያለ ስፖርት ወራት ይጠብቃል፤ ሰው ከሰው የሚጋጭበት ጨዋታ ደግሞ ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት፣ ያውም ሐኪሙ ራጁን አይቶ ሲፈቅድ። "አሁንማ አያመኝም" ፈቃድ አይደለም፤ ሕመሙ ከአጥንቱ ቀድሞ ይጠፋል። የራጅ ቀጠሮዎቹን ደህና ስለሆናችሁ አትዝለሏቸው።

ብረቱ ችግር እስካላመጣ እዚያው ይኖራል። ቲታኒየም ከሆነ የአየር ማረፊያ መፈተሻ ላይ ብዙ ጊዜ አይጮህም። ኤምአርአይ ለመነሳት ግን ብረት እንዳለባችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ወደፊት ማርገዝ የምትፈልጉ ስንት ጊዜ መቆየት እንዳለባችሁ ጠይቁ፤ በወሊድ ጊዜ በጀርባ የሚሰጥ ማደንዘዣ ብረቱ ዝቅ ብሎ ከወረደ ሊያስቸግር ስለሚችል፣ የመጨረሻውን ራጅ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት።