ለቪአር መነጽር ስክሪን የፒክስል ሰርኪዩት አነዳደፍ

አምስት ኪሎ ኤሌክትሪካል ለምትማሩም፣ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ላፕቶፕ ከፍታችሁ በራሳችሁ ቺፕ መንደፍ ለምትለማመዱም፣ ቺፑ የሚመረተው ውጭ አገር ቢሆንም የመንደፊያው መሣሪያ ሁሉ በነጻ ይገኛል። ለስዕል ኤክስስኬም፣ ለሲሙሌሽን ኤንጂስፓይስ፣ ለሌይአውት (ትራንዚስተሮቹ ቺፑ ላይ ለሚቀመጡበት ንድፍ) ማጂክ፣ ለትራንዚስተር ሞዴል ደግሞ በ2020 ይፋ የተደረገው ስካይ130 (የ130 ናኖ ሜትር የቺፕ ማምረቻ ነጻ መረጃ) አለ።

ትራንዚስተር ከመሳላችሁ በፊት ከረንቱን አስሉ። በኢንች 3000 ፒክስል ከተባለ የአንዱ ፒክስል ጎን 8.47 ማይክሮን ነው፤ ለሦስት ቀለም ሲከፈል ለእያንዳንዱ 2.82 ማይክሮን ወርድ ይደርሰዋል። ስክሪኑ በካሬ ሜትር 1000 ካንዴላ እንዲያበራ ከተፈለገና ኦሌዱ (በፒክስሉ ውስጥ ብርሃን ሰጪው ክፍል) በአምፒር 5 ካንዴላ የሚሰጥ ከሆነ፣ የአንዱ ቀለም ድርሻ 4.8 ናኖ አምፒር ገደማ ነው። ጭንቅላት ሲዞር ምስሉ እንዳይደበዝዝ ፒክስሉ ከፍሬሙ ጊዜ 10 በመቶ ያህሉን ብቻ ይበራል እንበል፤ ያኔ በሚበራበት ቅጽበት 48 ናኖ አምፒር ይፈልጋል።

በዚህ ከረንት ነጂው ትራንዚስተር (ለኦሌዱ ከረንት የሚመጥንለት) የሚሠራው ከትሬሾልዱ (በደንብ መክፈት ከሚጀምርበት የጌት ቮልቴጅ) በታች ወይም እዚያው አካባቢ ነው። ከትሬሾልዱ በታች የጌቱ (የመቆጣጠሪያ እግሩ) ቮልቴጅ 36 ሚሊ ቮልት በጨመረ ቁጥር ከረንቱ 2.7 እጥፍ ይሆናል። ወርዱ 0.5፣ ርዝመቱ 3 ማይክሮን የሆነ ባለ 5 ቮልት ትራንዚስተር ወስዳችሁ የማቺንግ ኮፊሸንቱን (ጎረቤት ትራንዚስተሮች ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚያሳየውን ቁጥር) 10 ሚሊ ቮልት·ማይክሮን ብትይዙ፣ ትሬሾልዱ ከጎረቤቱ ጋር 8 ሚሊ ቮልት ያህል ይለያያል። ይህም በከረንት እስከ 25 በመቶ ነው። ሁለት ትራንዚስተርና አንድ ካፓሲተር ያለው የመማሪያ ሰርኪዩት ስክሪኑ ላይ አሸዋ የተበተነበት የሚያስመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ቦታ ካገኛችሁ በመጀመሪያ ነጂውን አስረዝሙ።

ቀሪውን ልዩነት ሰርኪዩቱ ራሱ ማካካስ አለበት። ኤን ዓይነት ነጂ ይዛችሁ፣ ማከማቻውን ካፓሲተር በጌቱና በሶርሱ (ከኦሌዱ ጋር በሚገናኘው እግር) መካከል አስገቡ። ከዚያ ጌቱን ሪፈረንስ ቮልቴጅ ላይ አስቀምጡና ሶርሱን ኦሌዱ ከማይበራበት ነጥብ በታች አውርዱት። ቀጥሎ ሶርሱን ልቀቁት፤ ነጂው ራሱ ሊዘጋ እስኪቃረብ ድረስ ይሞላዋል። በመጨረሻ ዳታውን ጌቱ ላይ ጻፉና አብሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ማካካሻው መቼም «አያልቅም»፤ ሶርሱ እየቀነሰ በሚሄድ ፍጥነት መውጣቱን ይቀጥላል። ሆኖም ከ2 ማይክሮ ሰከንድ በኋላ የሚቀረው ከረንት የሚወሰነው በካፓሲተሩና በጊዜው ብቻ ነው፤ ማከማቻው 10፣ የኦሌዱ የራሱ ካፓሲታንስ 6 ፌምቶ ፋራድ ቢሆኑ ከ0.2 እስከ 0.3 ናኖ አምፒር ገደማ ይሆናል፣ ትሬሾልዱ ምንም ይሁን ምን። ፒክስሎቹን እኩል የሚያደርጋቸው ይኸው ነው። ስለዚህ ለሁሉም መስመር ፍጹም እኩል ጊዜ ስጡ። ጊዜው በእጥፍ ከተለያየ ሶርሱ ከ18 እስከ 25 ሚሊ ቮልት ይለያያል፤ ያ መስመር አግድም ሰንበር ሆኖ ይታያል። በ90 ኸርዝ 2000 መስመር ካለ ለአንዱ መስመር የሚደርሰው 5.56 ማይክሮ ሰከንድ ስለሆነ፣ ሦስቱን ሥራ በዚያ ውስጥ ማብቃቃት ግድ ነው።

ዳታው ሲጻፍ ሶርሱም አብሮ ይነሳል። በእነዚህ ካፓሲተሮች ነጂው ላይ የሚደርሰው ከዳታው 38 በመቶ ያህል ነው። ይህን እንደ ጉዳት አትዩት። ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው 1000 እጥፍ ልዩነት 250 ሚሊ ቮልት ብቻ ስለሆነ በ256 ደረጃ ሲከፈል ለአንዱ 1 ሚሊ ቮልት ይደርሰዋል፤ ዳታው መቀነሱ የዲጂታል ወደ አናሎግ መቀየሪያውን ሥራ ያቀላል።

ሊኬጅ (በተዘጋ ትራንዚስተር ሾልኮ የሚያልፍ ከረንት) ሌላው ፈተና ነው። 10 ፌምቶ ፋራድ በ11.1 ሚሊ ሰከንድ ከ1 ሚሊ ቮልት በላይ እንዳይወርድ ማፍሰስ የሚፈቀደው 0.9 ፌምቶ አምፒር ነው። መስመሩ እንደተጻፈ ወዲያው በርቶ ከ1.1 ሚሊ ሰከንድ በኋላ እንዲጠፋ ብታደርጉ ገደቡ ወደ 9 ይሰፋል።

ሲሙሌሽኑ ግን እንዳያታልላችሁ። የኤንጂስፓይስ ጂሚን (ስሌቱ እንዲሳካ ሲሙሌተሩ የሚጨምረው ትንሽ ኮንዳክታንስ) ሳይነካ ሲቀር 1 ፒኮ ሲመንስ ነው፤ በ1 ቮልት ይህ ብቻውን ከምትፈልጉት ሊኬጅ 1000 ጊዜ ይበልጣል። ጂሚንን ወደ 1 አቶ ሲመንስ፣ አብስቶልን (የከረንት ስህተት ገደቡን) ወደ 1 አቶ አምፒር፣ ቻርጅቶልንም (chgtol፣ የቻርጅ ስህተት ገደቡን) ከ10 ፌምቶ ኩሎምብ ወደ 0.1 አቶ ኩሎምብ አውርዱ። ሙቀቱንም በ27 ዲግሪ አትተዉት። አዲስ አበባ ክፍላችሁ ቢቀዘቅዝም ፊት ላይ የታሰረ መሣሪያ ውስጡ ይሞቃል፤ በ50 ዲግሪም ፈትሹ። ሊኬጅ በየ10 ዲግሪው እጥፍ ገደማ ስለሚሆን ውጤቱ አምስት እጥፍ ሊርቅ ይችላል። ሞንቴ ካርሎውን (የትራንዚስተሮቹን ልዩነት በዘፈቀደ እየቀያየሩ መፈተሻውን) 200 ጊዜ ስታስኬዱ እያንዳንዱን ውጤት በራሱ ፋይል አስቀምጡ፤ መብራት ሲሄድ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ።

ወደ ሌይአውት ስትገቡ በስካይ130 የ8.47 ማይክሮን ፒክስል ስለሚጠብ በመጀመሪያ በእጥፍ መጠን ተለማመዱ። ለእያንዳንዱ ፒክስል የተለየ ዌል (ትራንዚስተሩ የሚቀመጥበት የሲሊከን ክልል) አትስጡ፤ ቦታ ይበላል። የመቀያየሪያው ትራንዚስተር ጌት ማከማቻውን በ0.2 ፌምቶ ፋራድ እንኳ ከነካው፣ በ5 ቮልት ሲዘጋ 100 ሚሊ ቮልት ያህል ይገፋዋል። ቋሚ ከሆነ ዳታው ያስተካክለዋል፤ ፒክስሎቹ ላይ በ5 በመቶ ከተለያየ ግን 5 ሚሊ ቮልት ስህተት ይሆናል። ስለዚህ ፓራሲቲኩን (ሽቦዎቹ ሳይፈለጉ የሚፈጥሩትን ካፓሲታንስ) ከሌይአውቱ አውጥታችሁ ሞንቴ ካርሎውን ከነፓራሲቲኩ እንደገና አስኪዱ።