ጉላብ ጃሙንን በሰሜን አፍሪካ ጣዕም ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጉላብ ጃሙን ከወተት ሊጥ ተድቦልቡሎ፣ በለዘብተኛ እሳት ተጠብሶ፣ በስኳር ሽሮፕ የሚርስ የህንድ ጣፋጭ ነው። «ጉላብ» ከፋርስኛ የመጣ ቃል ሲሆን የጽጌረዳ ውሃ ማለት ነው፤ «ጃሙን» ደግሞ ድቡልቡሉ የሚመስለው የአንድ ህንዳዊ ፍሬ ስም ነው። በሰሜን አፍሪካ በኩል ሞሮኮዎች በረመዳን ከሐሪራ ሾርባ ጋር የሚያቀርቡት ሸባኪያ እና የቱኒዚያዋ ካይሩዋን የምትታወቅበት፣ በቴምር የሚሞላው መቅሩድ አሉ። ሁሉም ተጠብሰው ጣፋጭ ፈሳሽ ውስጥ ስለሚገቡ አሠራራቸውም አንድ ይመስላል፤ አብዛኛው ስህተት የሚመነጨውም ከዚሁ ነው። ሸባኪያ ማሩን በአብዛኛው ከላይ ይለብሳል፤ ጉላብ ጃሙን ግን ሽሮፑን እስከ እምብርቱ ካልጠጣ የተጠበሰ ሊጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሰሜን አፍሪካው እጅ በመዓዛውና በሙሌቱ ይግባ፤ የአነካከሩ ሥርዓት ግን እንደ ህንዱ ይቆይ።

ሊጡን እንደ ዳቦ ማሸት

በህንድ ሊጡ የሚሠራው ወተት በሰፊ ብረት ድስት ላይ እየተማሰለ እስኪጠጥር ድረስ ከሚገኘው ኮያ ነው፤ በቤት ውስጥ የዱቄት ወተት ይተካዋል። ለ100 ግራም የዱቄት ወተት 35 ግራም ገደማ የስንዴ ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር እና አንድ የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ይበቃል። ፈሳሽ ወተት በማንኪያ እየተለካ ይጨመርበታል፤ ሊጡም በጣት ጫፍ ተሰብስቦ ከተያያዘ በኋላ ሊታሽ አይገባም፤ ምክንያቱም ሊጡን የሚያያይዘው የስንዴው ፕሮቲን፣ ግሉተን፣ ሲጠነክር ድቡልቡሉ እንደ ጎማ ይሆንና ሽሮፕ አላስገባም ይላል። ከዱቄቱ ከፊሉን እንደ መቅሩድ በሰሞሊና (በሻካራ የስንዴ ዱቄት) መተካት የሚፈልግ ሰው ሊጡን ሩብ ሰዓት ያህል ሸፍኖ ያሳርፈው፤ ያልራሰ ሰሞሊና ጥርስ ላይ እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻልና።

ቴምሩን አብዝቶ መሙላት

ፍሬው ወጥቶለት፣ በጥቂት ቀረፋና በጥቂት ቅቤ የተላቆጠ ቴምር ለዚህ ጣፋጭ እጅግ ተስማሚ ሙሌት ነው፤ ነገር ግን ከአንድ የሽምብራ ፍሬ መብለጥ የለበትም። ከዚያ ከበለጠ የሊጡ ግድግዳ ይሳሳል፣ በሚጠበስበትም ጊዜ ይሰነጠቅና የወጣው ቴምር ዘይቱ ውስጥ አርሮ የቀሩትን ሁሉ ያጠቁራል። እጅዎን ቅቤ ቀብተው ሲያድቦለብሉ የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥቅ እንኳ ካዩ መልሰው ያስተካክሉት፤ ሊጡ ደርቆ ከሆነም ጥቂት የወተት ጠብታ ያድነዋል።

በጋለ ዘይት መጥበስ

የወተት ስኳርና ፕሮቲን ቶሎ ስለሚጠቁሩ ዘይቱ ከ130 እስከ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል መሆን አለበት፤ ይህ ሳምቡሳ ከሚጠበስበት ሙቀት በእጅጉ ያነሰ ነው። መለኪያ የሌለው ሰው ቁራሽ ሊጥ ይጣልበት፤ መጀመሪያ ታች ተቀምጣ ቀስ ብላ ከወጣች ዘይቱ ልክ ነው፣ ወዲያው ተንጫጭታ ከተንሳፈፈች ግን ግሏል። ድቡልቡሎቹ ዙሪያቸውን እኩል እንዲበስሉ ዘይቱን በጭልፋ ሳያቋርጡ በዝግታ ማዞር ያስፈልጋል።

ስለ ቅቤው አንድ ነገር ልጨምር። የህንዱ ጊ ያለ ቅመም የተነጠረ ቅቤ ነው፤ በኮሰረትና በኮረሪማ የተነጠረው የእኛ ቅቤ ለወጥ ግሩም ቢሆንም እዚህ ከገባ ሽሮፑ ውስጥ የሚጨመረውን የብርቱካን አበባ ውሃ መዓዛ ይውጠዋል። የሽሮፑን ሄል በኮረሪማ መተካትም እንዲሁ ነው፤ ዘመዳማች ቢሆኑም ጣዕማቸው አይገናኝም።

ወፍራም ሽሮፕ፣ ወይም ንጹህ ማር

ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ሸባኪያ ለምጄ ስለነበር ትኩስ ድቡልቡሎችን በቀጥታ በሞቀ ማር ውስጥ ጨመርኳቸው፤ ላያቸው አምሮ ሲያብረቀርቅ ደስ ብሎኝ ነበር። በማግስቱ ግን ቆዳቸው ተሸብሽቦ አገኘኋቸው፤ አንዱን በቢላ ስከፍለው ማሩ የዘለቀው የቆዳውን ውፍረት ያህል ብቻ ሲሆን መሐሉ ነጭና ደረቅ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ወፍራም ፈሳሽ በቀጫጭን ቀዳዳዎች አይሰርግም፤ ይባስ ብሎም ከሊጡ ውስጥ ያለውን እርጥበት ወደ ራሱ ይስባል።

ለ300 ግራም ስኳር 400 ሚሊ ሊትር ውሃና ጥቂት የተቀጠቀጠ ሄል አድርገው ከፈላ በኋላ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ያብስሉት፤ በሁለት ጣት መካከል የሚያጣብቅ ግን ክር የማይስብ ሆኖ ሲገኝ ያውርዱት። ስኳሩ ተመልሶ እንዳይረጋ አንድ የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ይጨምሩበት። 100 ግራም ማር የሚገባው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው፤ የማር መዓዛ በፍላት ይጠፋልና። ሽሮፑ ለጣት የሚሞቅ፣ የማይፈጅ ሲሆን ትኩሶቹን ድቡልቡሎች ይጨምሩና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይተዉአቸው። እያበጡ ስለሚሄዱ ዕቃው ሰፊ ይሁን።

የብርቱካን አበባ ውሃን ማፍላት ወይም ማብዛት

በቱኒዚያዋ ናቡል ከተማ በየጸደዩ የመራራ ብርቱካን አበባ ተለቅሞ በእንፋሎት ይነጠራል፤ የዚህ ጣፋጭ የሰሜን አፍሪካ ፊርማም ይኸው ውሃ ነው። መዓዛው በቶሎ ስለሚተን የሚፈላ ሽሮፕ ውስጥ ከጨመሩት ቤቱ ይሸታል እንጂ ጣፋጩ አይሸትም። ከላይ ለተጠቀሰው ልክ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከማሩ ጋር፣ ይበቃል፤ ሲበዛ የሳሙና ጣዕም ያመጣል። በጠብታ የሚለካው የተጠናከረ የብርቱካን አበባ ቅመም በማንኪያ የሚለካውን ውሃ ቦታ እንዳይወስድም ጠርሙሱን አንብቡ። ከጽጌረዳ ውሃ ጋር መቀላቀልንም አልመክርም፤ ጽጌረዳው ሲቀር «ጉላብ» የሚለው ስም ትርጉም ያጣል የሚል ቢኖር ልክ ነው፣ ግን ሁለቱ አበቦች አንድ ሳህን ላይ ሲሻሙ አንዱም አይለይም።

ሰሊጡን ቀድሞ መጨመር

ሊጡ ላይ የተለጠፈ ሰሊጥ በዘይቱ ውስጥ ይረግፋል፤ የተረፈውም በሽሮፑ ይልፈሰፈሳል። በደረቅ ምጣድ የተቆላ ሰሊጥ ጣፋጩ ሊቀርብ ሲል፣ ከሽሮፑ ወጥቶ ጥቂት ከጠፈፈ በኋላ ይነስነስበት።