ዘ ክላሽን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለማዳመጥ

ዘ ክላሽን ማዳመጥ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በጣም ከታወቁት ሁለት ሦስት ዜማዎች ነው፤ ከዚያም የቀሩትን አልበሞች እየዘለለ ሲሰማ ባንዱ የሚጫወተው የሙዚቃ ዓይነት ግራ ያጋባዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ለንደን ውስጥ የተመሠረተው ይህ የፐንክ ሮክ ባንድ አሥር ዓመት ባልሞላ ዕድሜው ወደ ሬጌ፣ ወደ ፈንክና ወደ ጃዝ ጭምር ስለተሻገረ ግራ መጋባቱ አያስደንቅም። እኔ የምመክረው አልበሞቹን በወጡበት ቅደም ተከተል መስማትንና በእያንዳንዱ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ ለድራሙ ጆሮ መስጠትን ነው። ድምፃዊው ጆ ስትራመር፣ ጊታሪስቱ ሚክ ጆንስና ቤዝ ተጫዋቹ ፖል ሲመነን የባንዱ ዋና ፊቶች ቢሆኑም፣ ለውጡ ጎልቶ የሚሰማው ከድራሙ ጀርባ የሚቀመጠው ሰው በተቀየረ ቁጥር ነው።

መነሻው በኤፕሪል 1977 የወጣውና የባንዱን ስም የያዘው አልበም ነው። ከማዳመጥዎ በፊት ግን የዜማዎቹን ዝርዝር ይመልከቱ፤ በ1979 ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀው እትም አንዳንድ ዜማዎች ወጥተውለት በኋላ የተሠሩ ነጠላ ዜማዎች ስለገቡበት ቅደም ተከተሉን ያፋልሳል፤ ስለዚህ የብሪታንያውን ይምረጡ። ድራሙን የመታው ቴሪ ቻይምስ ሲሆን፣ ከባንዱ በመለየቱ በሽፋኑ ላይ «ቶሪ ክራይምስ»፣ ማለትም «የወግ አጥባቂዎች ወንጀል» ተብሎ ተጽፏል። አመታቱ ፈጣንና ቀጥተኛ ነው። በአጫጭሮቹ ዜማዎች መካከል የጃማይካዊው ጁኒየር መርቪን ሥራ የሆነው «ፖሊስ ኤንድ ቲቭስ» ስድስት ደቂቃ ያህል ይፈጃልና እዚያ ላይ ቆም ይበሉ። ባንዱ ሬጌን ከልቡ ቢወድም እጁ ገና የሮክ እጅ ነው፤ ምቱም ላላ ከማለት ይልቅ ግትር ብሎ ይሰማል።

ወደ ሁለተኛው አልበም ከማለፍዎ በፊት በብሪታንያ አልበሞች ውስጥ ያልተካተቱትን ነጠላ ዜማዎች ይፈልጉ፤ ይህን ደረጃ የሚዘል አድማጭ ባንዱ የተለወጠበት ቅጽበት ያመልጠዋል። በሴፕቴምበር 1977 የወጣው «ኮምፕሊት ኮንትሮል» የተጻፈው፣ አሳታሚው ሲቢኤስ ባንዱን ሳያማክር ከመጀመሪያው አልበም አንድ ዜማ በነጠላ በማውጣቱ በተነሣ ቁጣ ነው፤ ፕሮዲዩሰሩም ታዋቂው ጃማይካዊ ሊ ፔሪ ነበር። ቻይምስን የተካው ድራመር ቶፐር ሄደን ከባንዱ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀረጸው በዚህ ዜማ ላይ ነው። ቀጥለው የ1978ቱን «ዋይት ማን ኢን ሃመርስሚዝ ፓሌ» ያጫውቱና ከ«ፖሊስ ኤንድ ቲቭስ» ጋር አጠገብ ለአጠገብ ያድርጉት። መግቢያው የሮክ ጊታር ነው፤ ወዲያው ግን ድራሙ ዜማውን ወደ ሬጌ ይመልሰዋል፤ በምቶቹ መካከል ያለው ዝምታ ራሱ መጫወት ይጀምራል። አንድ ድራመር ባንድን ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በኖቬምበር 1978 የወጣውን ሁለተኛ አልበም አንድ ጊዜ መስማት ይበቃል። አሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ሳንዲ ፐርልማን ድምፁን አወፍሮታል፤ ሄደንንም ምቱ ፈጽሞ ስለማይዛነፍ «ሰው የሆነ የድራም ማሽን» ይለው ነበር። ይህን አባባል ያስታውሱት፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ጊዜዎን ሳይቆጥቡ የሚሰጡት በዲሴምበር 1979 ለወጣው «ለንደን ኮሊንግ» መሆን አለበት። ሁለት ሸክላ ሆኖ 19 ዜማዎች ቢይዝም በአንድ ሸክላ ዋጋ ተሽጧል። ሽፋኑን በእጅዎ ይያዙት ወይም በትልቁ ይመልከቱት፤ ሲመነን በኒው ዮርኩ ፓላዲየም መድረክ ላይ ቤዝ ጊታሩን ወለሉ ላይ ሊከሰክስ ጎንበስ ብሏል። ፎቶግራፉን ያነሣችው ፔኒ ስሚዝ ምስሉ ጥራት ስለጎደለው ለሽፋን እንዳይውል ተከራክራ ነበር፤ ያ ብዥታ ግን እንቅስቃሴውን ሕያው አድርጎታል። ሮዝና አረንጓዴ ፊደላቱ የኤልቪስ ፕሪስሊን የመጀመሪያ አልበም ሆነ ብለው ያስታውሳሉ። አልበሙን በአንድ ትንፋሽ ከመጨረስ ይልቅ እንደ ሸክላው አራት ገጽታ አራት ቦታ ከፍለው ያዳምጡት፤ ሄደን በአንዱ ዜማ ጃዝ፣ በሌላው ስካ፣ በሌላው ደግሞ ሮክ ኤንድ ሮል ሲመታ ልዩነቱ በግልጽ የሚሰማው ያኔ ነው። የመጨረሻው ዜማ «ትሬይን ኢን ቬይን» ሽፋኑ ከተዘጋጀ በኋላ ስለተጨመረ በመጀመሪያዎቹ እትሞች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። የሚከፈተው በድራም ብቻ ነው። በአሜሪካ ቢልቦርድ ሠንጠረዥ 23ኛ ደረጃ የደረሰውም ይኸው ስሙ ያልተጻፈ ዜማ ነው።

ከዓመት በኋላ የወጣው «ሳንዲኒስታ!» ሦስት ሸክላና 36 ዜማዎች አሉት፤ ዋጋው ዝቅ እንዲልም የባንዱ አባላት ከመጀመሪያዎቹ 200,000 ቅጂዎች የሚያገኙትን የባለመብትነት ክፍያ ትተዋል። በየገጽታው ስድስት ስድስት ዜማ ስላለ በቀን አንድ ገጽታ እየሰሙ በስድስት ቀን ይጨርሱት፤ በአንድ ቀን ለመጨረስ የሞከረ ሰው መሰልቸቱ አይቀርም። «አይቫን ሚትስ ጂ አይ ጆ» ላይ የሚዘፍነው ራሱ ሄደን ነው።

በሜይ 1982 ወደወጣው «ኮምባት ሮክ» ሲደርሱ «ሮክ ዘ ካስባ»ን ሦስት ጊዜ ያዳምጡ፤ አንዴ ፒያኖውን፣ አንዴ ቤዙን፣ አንዴ ድራሙን ብቻ ይከተሉ። ሦስቱንም የተጫወተው ሄደን ነው፤ ሌሎቹ ስቱዲዮ ሲደርሱ የዜማው አካል ተሠርቶ ጠብቋቸዋል። ነገር ግን አልበሙ በወጣበት ወር በሄሮይን ሱስ ምክንያት ከባንዱ ተሰናበተ። በዜማው ቪዲዮ ላይ ድራም ሲመታ የሚታየው የተመለሰው ቴሪ ቻይምስ ነው። ይህን አውቆ ቪዲዮውን የሚያይ ሰው ልቡ መነካቱ አይቀርም።

በ1983 ሚክ ጆንስም ተባረረ። በ1985 የወጣውን የመጨረሻ አልበም ሙሉውን እንዲሰሙ አልመክርም፤ ባንዱ ፒት ሃዋርድ የተባለ ብቁ ድራመር እያለው በአብዛኛው ዜማ ላይ የሚሰማው እውነተኛ የድራም ማሽን ነው። «ዚስ ኢዝ ኢንግላንድ»ን ግን አይለፉት። ድምፁን ከፍ አድርገው የማሽኑን ቀዝቃዛ ምት ለብቻው ይስሙ፤ ከዚያ የስትራመር የደከመ ድምፅ በላዩ ላይ ሲመጣ ያዳምጡ።