በድሮ ዩኒክስ ላይ ኤዲተር በሲግናል እንዳይሞት እንዴት እንደሚደረግ

ትልቅ ፋይል ውስጥ ቃል እየፈለጋችሁ ነው። ፍለጋው ሲዘገይባችሁ የማቋረጫውን ቁልፍ ነካችሁ፤ ቆመ። በሌላ ቀን ትዕግሥት አጥታችሁ ሁለቴ አከታትላችሁ ጫናችሁት። ኤዲተሩ ከነጽሑፋችሁ ድርግም አለ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ቁልፉ ወደ ፕሮግራሙ ሲግናል የሚባል አጭር መልእክት ይልካል፤ የዚህኛው ስም ሲግኢንት ነው።

በ1979 በወጣው 7ኛው ዕትም ዩኒክስና በብዙዎቹ የሲስተም ፋይቭ ዘሮች ላይ፣ በሲግናል ፈንክሽን የተመዘገበ ሃንድለር (ሲግናል ሲደርስ የሚጠራ የፕሮግራሙ ክፍል) የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። ሲግናሉ ሲደርስ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ምዝገባውን ይሰርዘዋል። ሃንድለሩ ራሱን መልሶ እስኪያስመዘግብ ድረስ ትንሽ ክፍተት አለች። ሁለተኛው ሲግኢንት እዚያች ላይ ከገባ ፕሮግራሙ ይገደላል።

መጀመሪያ ማኑዋላችሁን ክፈቱና ሲግአክሽን (sigaction) የሚባለው የምዝገባ ፈንክሽን መኖሩን እዩ። በ1988ቱ ፖዚክስ፣ በዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ስታንዳርድ፣ የገባ ነው። ካለ ሌላ አትፈልጉ፤ ምዝገባው አይሰረዝም፣ ሃንድለሩ እየሠራ ያው ሲግናል ቢደገም ተራውን ይጠብቃል። በ4.2 ቢኤስዲ ላይ ሲግቬክ ይህንኑ ይሠራል።

ሁለቱም ከሌሉ የሃንድለሩ የመጀመሪያ መስመር ራሱን መልሶ ማስመዝገብ ይሁን። ክፍተቷን ያጠባታል እንጂ አይደፍናትም።

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም ይበልጣል፤ እባካችሁ አትዝለሉት። ሃንድለሩ ውስጥ ፋይል አታስቀምጡ፣ ስክሪን አታድሱ፣ ማሎክን (ሜሞሪ የሚጠየቅበትን ፈንክሽን) አትጥሩ። ኤዲተሩ አንድ መስመር እየሰረዘ ነው እንበል። የላይኛው መስመር አዲሱን ጎረቤቱን ይዟል፣ የታችኛው ግን ገና የተሰረዘውን ይጠቁማል። ሲግናሉ እዚህ መሃል ደርሶ ሃንድለሩ ጽሑፉን ልጻፍ ቢል፣ ዲስኩ ላይ የሚቀመጠው የተበጣጠሰ ነገር ነው። ስለዚህ ሃንድለሩ አንድ ፍላግ (ሲግናል መድረሱን የሚያመለክት ቫሪያብል) ወደ 1 ቀይሮ ይመለስ። ዋናው ሉፕ፣ የፍለጋው ሉፕም ጭምር፣ አንድ መስመር በጨረሰ ቁጥር ፍላጉን ይይ።

ግብዓት የሚያነበውን ሪድ የሚባለውን ጥሪም አስተካክሉ። ቁልፍ እየጠበቀ ሳለ ሲግናል ቢመጣ -1 ሊመልስ ይችላል፤ የስህተቱ ስም ኢኢንትር ነው። ይህን የግብዓት መጨረሻ አድርጎ የሚወስድ ኤዲተር ዝም ብሎ ይወጣል። ፍላጉን አይታችሁ እንደገና አንብቡ።

መስመር ሲቋረጥ የሚመጣው ሲግሃፕ ላይም ያው ነው፤ ፍላግ ብቻ። ዋናው ሉፕ መጀመሪያ ሲግሃፕን ችላ ያስብል፣ ከዚያ ጽሑፉን በሌላ ስም ያስቀምጥ። ጥንታዊው ኢዲ ኤዲተርም ጽሑፉን የሚያተርፈው ኢዲ ነጥብ ኤችዩፒ በሚባል ፋይል ነው። ዋናውን ፋይል አይነካም፤ በጣም ትክክል ነው።

አሁን ሞክሩት። ትልቅ ፋይል ላይ ፍለጋ አስጀምሩና የማቋረጫውን ቁልፍ ተጭናችሁ ያዙት። ከሌላ ተርሚናል ደግሞ በኪል ትእዛዝ ሲግናል 2ን (ሲግኢንትን) ደጋግማችሁ ላኩበት። ኤዲተሩ ሞቶ ተርሚናሉ ከተበላሸባችሁ ኮንትሮል-ጄ ንኩ፣ ተርሚናሉን የሚያስተካክለውን ስቲቲዋይ ሴን (stty sane) ብላችሁ ጻፉ፣ እንደገና ኮንትሮል-ጄ።