ከቨርጂኒያ ወደ ሜሪላንድ ሲዛወሩ ሽጉጥዎን እንዴት ያስመዘግባሉ?

አሌክሳንድሪያ ሲኖር ቆይቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት ያገኘ ሰው ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ስለ ኪራዩና ስለ መኪናው ታርጋ አጥብቆ ይጠይቃል። ስለ ሽጉጡ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከሱቅ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶታል፣ ደረሰኙም በእጁ አለ። ታዲያ ምን ችግር አለው ብሎ ከብርድ ልብሱና ከድስቱ ጋር ጭኖት ይሻገራል።

ችግር አለው። በአሜሪካ ተራ ሽጉጥና ጠመንጃ የሚመዘገብበት አገር አቀፍ መዝገብ የለም። እንዲያውም በ1986 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣ የፌዴራል ሕግ እንዲህ ዓይነት መዝገብ እንዳይቋቋም ይከለክላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ሕግ ያወጣል። ቨርጂኒያ አስመዝግቡ አትልም። ሜሪላንድ ግን ከጥቅምት 1 ቀን 2013 ጀምሮ አዲስ ነዋሪ በ90 ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግብ ታስገድዳለች። የሚዳኙት በለቀቁት ስቴት ሕግ ሳይሆን በገቡበት ስቴት ሕግ ነው።

ይህን ጉዳይ አጥብቄ የምይዘው በተለይ ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ስል ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት ዜጋ ያልሆነ ሰው መሣሪያን ከሕግ ውጪ በመያዝ ወይም በመሸከም ጥፋተኛ ከተባለ ከአገር ለመባረር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለዜጋ በጠበቃና በቅጣት የሚያልቅ ነገር፣ ለእርስዎ የቤተሰብ መበተን ሊሆን ይችላል። በጊዜው የተሞላ አንድ ቅጽ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድንዎታል።

መጀመሪያ፦ መሣሪያ መያዝ ይፈቀድልዎታል?

ዜጋም የግሪን ካርድ ባለቤትም መሣሪያ መያዝ ይችላሉ። በቱሪስት፣ በተማሪ ወይም በጊዜያዊ ሠራተኛ ቪዛ ያለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ተከልክሏል። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የሚኖርም እንዲሁ። በከባድ ወንጀል የተፈረደበት፣ በቤት ውስጥ ጥቃት በቀላል ወንጀልም ቢሆን ጥፋተኛ የተባለ ሰውም አይፈቀድለትም።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ጫት። አገር ቤት ነውር ያልሆነው ቅጠል እዚህ ውስጡ ባለው ካቲኖን ምክንያት በፌዴራል ደረጃ በጥብቅ ከተከለከሉት ዕፆች ጋር ተመድቧል። በሕግ የተከለከለ ዕፅ ተጠቃሚ ደግሞ መሣሪያ እንዳይዙ ከተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ አለ። ማሪዋናም ሜሪላንድ ውስጥ ተፈቀደ ማለት በፌዴራል ሕግ ተፈቀደ ማለት አይደለም። ቤትዎ ውስጥ መሣሪያ ካለ ሁለቱንም ይራቁ።

የጥገኝነት ጉዳይዎ ገና እየታየ ከሆነ፣ ምንም ቅጽ ከመሙላትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያነጋግሩ።

ዕቃ ከመታሸጉ በፊት፦ ያለዎትን ይለዩ

ያለዎትን መሣሪያ ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጥተው በሦስት ይክፈሉት።

አንደኛው መመዝገብ ያለበት ነው። ሜሪላንድ ሽጉጥ ሁሉ እንዲመዘገብ ትጠይቃለች። ሁለተኛው መመዝገብ የማያስፈልገው ነው። ተራ የአደን ጠመንጃና ሾትገን እዚህ ይገባሉ፤ ይዘዋቸው መግባት ይችላሉ።

ሦስተኛው ወደ ሜሪላንድ ጨርሶ መግባት የሌለበት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ነገር በ90 ቀን ውስጥ የሚመዘገብ ይመስለዋል። ግን ስቴቱ አሶልት ዌፐን (የጥቃት መሣሪያ) ብሎ የዘረዘራቸውና የከለከላቸው መሣሪያዎች አሉ። ኤኬ-47፣ እኛ ክላሽ የምንለው፣ በየትኛውም ዓይነቱ እዚያ ዝርዝር ላይ ተጽፏል። ኮልት ኤአር-15ም አስመሳዮቹም አሉበት፤ ከባድ አፈሙዝ ያለው ኤች-ባር የሚባለው ስፖርተር ብቻ ተለይቶ ወጥቷል። እነዚህን ከውጭ ማስገባቱ ራሱ ወንጀል ነው፤ ላስመዝግብ ብሎ ማመልከትም አያድንም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2025 በዚህ ክልከላ ላይ የቀረበለትን አቤቱታ አላይም ስላለ ሕጉ እንደጸና ነው። የእርስዎ ጠመንጃ ዝርዝሩ ላይ ይኑር አይኑር ካልለዩ ሳይሻገሩ ይጠይቁ። ካለ ደግሞ ገና ቨርጂኒያ እያሉ ፈቃድ ላለው ነጋዴ ይሽጡት። ከተሻገሩ በኋላ ለቨርጂኒያ ወዳጅዎ እንዲሁ በእጅ መስጠት አይችሉም። የሁለት ስቴት ነዋሪዎች መሣሪያ የሚተላለፉት ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ብቻ ነው።

በቤት ውስጥ የተገጣጠመ፣ መለያ ቁጥር የሌለው መሣሪያም አይገባም። ሜሪላንድ ይህን መያዝ ከመጋቢት 1 ቀን 2023 ጀምሮ ከልክላለች።

ቁጥሩን በትክክል ይጻፉ

ቅጹ የሚጠይቀው ብዙ ነው። የእያንዳንዱን ሽጉጥ አምራች፣ ሞዴል፣ መለያ ቁጥር፣ ካሊበር (የጥይቱ ስፋት)፣ የአፈሙዝ ርዝመት፣ ቀለምና የተሠራበትን አገር ይፈልጋል። ስለዚህ ከመዛወርዎ በፊት በረጋ መንፈስ ይጻፉት።

መጀመሪያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያዙሩ። ጣትዎ ምላጩን አይንካ። የጥይት ካዝናውን ያውጡ፤ ከዚያ ስላይዱን (ከላይ ያለውን ተንሸራታች ብረት) ወደ ኋላ ስበው ውስጡን በዓይንዎ ይዩ፣ በጣትዎም ይዳስሱ። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። ካዝናው ሳይወጣ ስላይዱን ከሳቡ፣ ሲለቁት ሌላ ጥይት ይገባል።

አሁን ያንብቡት። ለምሳሌ ብዙ ሰው የሚይዘው ግሎክ 19 ከሆነ፣ ከምላጩ ፊት ለፊት ከሥር በኩል አንዲት ትንሽ የብረት ሳህን አለች። መለያ ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው፤ በስላይዱና በአፈሙዙም ላይ ይደገማል። ሦስቱም አንድ መሆናቸውን ያመሳክሩ። ካሊበሩ 9 ሚሊሜትር፣ የአፈሙዙ ርዝመት 4.02 ኢንች ነው። የተሠራበትን አገር ግን ኦስትሪያ ነው ብለው በደፈናው አይጻፉ። ግሎክ ጆርጂያ ስቴት፣ ስሚርና ከተማም ያመርታል፤ አሜሪካ የሚል የተቀረጸበት ብዙ አለ። የተቀረጸውን አይተው ይጻፉ። ዜሮንና ኦ ፊደልን፣ አንድንና አይ ፊደልን ለመለየት በስልክዎ ፎቶ አንስተው አጉልተው ይዩት። አንዲት ቁጥር ከተሳሳተች የተመዘገበው የእርስዎ ሽጉጥ አይደለም ማለት ነው።

መሻገር

የሜሪላንድ ሕግ ሽጉጥን ከአንድ መኖሪያዎ ወደ ሌላ መኖሪያዎ መውሰድ ይፈቅዳል፤ ጥይቱ ወጥቶ፣ በተዘጋ መያዣ ውስጥ ከሆነ። የፌዴራሉ የጉዞ ሕግም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ጥይት የሌለበትና ከተሳፋሪው እጅ የራቀ ይሁን ይላል። ትራንክ በሌለው መኪና ደግሞ በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ መሆን አለበት። ከፊት ያለው መሳቢያና በሁለቱ ወንበሮች መካከል ያለው ኪስ ቢቆለፉም አይቆጠሩም። እኔ የምመክረው ሁለቱን ሕጎች የሚያሟላ ነው፤ ሽጉጡን ባዶ አድርገው በተቆለፈ ሳጥን ትራንክ ውስጥ፣ ጥይቱን ለብቻው።

መንገድዎንም ይምረጡ። ከአሌክሳንድሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ለመሄድ 495 አውራ ጎዳናን ይዘው በአሜሪካን ሊጅን ድልድይ ቢሻገሩ ከቨርጂኒያ በቀጥታ ሜሪላንድ ይገባሉ። በ14ኛው መንገድ ድልድይ ካለፉ ግን ዲሲ ውስጥ ነዎት። የዲሲ ሕግ ከሁለቱም ይበረታል። በዚያ በኩል የግድ ማለፍ ካለብዎት አይቁሙ። ዘጠነኛው መንገድ ጋ ቆሜ ቡና ልጠጣ፣ እግረ መንገዴን እንጀራ ልግዛ የሚባልበት ቀን አይደለም።

የቨርጂኒያ የመሸከም ፈቃድ ያለዎት ደግሞ ልብ ይበሉ። ሜሪላንድ የሌላ ስቴት ፈቃድ አትቀበልም፤ ድልድዩን ሲሻገሩ ያ ፈቃድ ዋጋ የለውም። ኡበር ወይም ሊፍት የምትነዱም፣ ሁለቱም ኩባንያዎች ሾፌር መሣሪያ ይዞ እንዳይሠራ ይከለክላሉ።

ምዝገባው

90 ቀኑ የሚቆጠረው ነዋሪ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ነው። ሳጥኑ ተፈትቶ ያለቀበት ቀን አይደለም። ሊዝ ፈርመው የገቡበትን ቀን መነሻ አድርገው ቢቆጥሩ አይሳሳቱም። ያን ቀን ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ፤ በሁለተኛው ወር መጨረሻ የሚያስታውስ ደወልም ይሙሉ።

መንጃ ፈቃድዎን ቀድመው ይቀይሩ። ሜሪላንድ ለአዲስ ነዋሪ የምትሰጠው ጊዜ 60 ቀን ነው። የመሣሪያው ማመልከቻም የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ስለሚጠይቅ፣ ይህን ካስቀደሙ ሁለቱም በአንድ አድራሻ ይሄዳሉ።

ማመልከቻው የሚገባው ለሜሪላንድ ስቴት ፖሊስ ነው። በኢንተርኔት፣ በፖሊሱ የፈቃድ አገልግሎት ገጽ ላይ አካውንት ከፍተው ለአዲስ ነዋሪ የተዘጋጀውን ይሞላሉ። ሽጉጥዎን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ አይሂዱ። ስለ መሣሪያው አስቀድመው የጻፉትን ያስገባሉ። ስለ ራስዎ ደግሞ ስም፣ አድራሻ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ የትውልድ ቀንና ቦታ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ የዓይንና የፀጉር ቀለም፣ ሥራ ይጠየቃሉ። ስምዎ በግሪን ካርዱ ወይም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ይጻፍ። የኛ የአባት ስም አንድ ጊዜ እንደ መካከለኛ፣ ሌላ ጊዜ እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባ በሁሉም ወረቀት አንድ ዓይነት ያድርጉት።

ክፍያው በሕጉ 15 ዶላር ነው። አንድ ሽጉጥም ይሁን አምስት፣ በአንድ ማመልከቻ ያው 15 ነው፤ አይመለስም። መረጃውም ለሕዝብ ክፍት አይደለም። ጎረቤት ስሜን መዝገብ ላይ ያያል ብለው አይስጉ።

ማመልከቻው መግባቱን የሚያሳየውን ማረጋገጫ ያትሙት፤ አንዱን ቅጂ ቤት፣ ሌላውን ኢሜይል ላይ ያስቀምጡ።

ከተመዘገበ በኋላ

መመዝገብ የመሸከም ፈቃድ አይደለም። የተመዘገበው ሽጉጥ ቤትዎ ይቀመጣል። ይዘው ለመውጣት ሌላ ፈቃድ፣ ሌላ ሥልጠና አለው። ሜሪላንድ ውስጥ አዲስ ሽጉጥ ለመግዛት ደግሞ አሻራና የ4 ሰዓት ሥልጠና ያለበት የብቃት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ከዚያም 7 ቀን መጠበቅ አለ።

ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ይህ ከምዝገባው እኩል ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ማስቀመጥ ወንጀል ነው። ዕድሜው በ2023 ነው ከ16 ወደ 18 ከፍ የተደረገው። ቁም ሳጥን ላይ፣ ከነጠላ ሥር መደበቅ መቆለፍ አይደለም። እንግዳ በሚበዛበት፣ የዘመድ ልጆች ክፍል ለክፍል በሚሮጡበት የኛ ቤት ደግሞ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል። ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ይግዙ።

ሽጉጡ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ፣ መጥፋቱን ካወቁበት ጀምሮ በ72 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማመልከት ግዴታ ነው።

ወደ ሌላ ቦታ የሚሄዱ ከሆነ

ዲሲ ጠመንጃውንም ሽጉጡንም እንዲመዘገብ ትጠይቃለች፤ 90 ቀንም የላትም። መሣሪያው እንደገባ ወዲያው ለከተማው ፖሊስ ማሳወቅ፣ ከዚያ በ48 ሰዓት ውስጥ ማመልከት ነው። ሳይሻገሩ ደውለው ቢጨርሱ ይሻላል። ካሊፎርኒያ 60 ቀን ትሰጣለች፤ ጉዳዩ የሚሄደው ለስቴቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ነው። ሃዋይ 5 ቀን ብቻ። ኒው ዮርክ ለሽጉጥ ፈቃዱን አስቀድሞ ይፈልጋል። ቴክሳስና ጆርጂያ ምዝገባ የላቸውም። ላስ ቬጋስ ያላችሁ ደግሞ፣ የቆዩ ሰዎች የሚያወሩት የክላርክ ካውንቲ የሽጉጥ ምዝገባ በ2015 ቀርቷል።

90 ቀኑ ያለፈበት ሰው

ብዙ ሰው የዘገየውን ጉዳይ ፈርቶ ይደብቀዋል፤ ወይም ተቻኩሎ ፖሊስ ጋ ሄዶ ሁሉንም ይዘረግፋል። ሁለቱም አይሆንም። ሽጉጡን ቆልፈው ባለበት ይተዉት፤ በመኪና አይዙሩበት። መጀመሪያ የሜሪላንድ የወንጀል ጠበቃ ያማክሩ። ዜጋ ካልሆኑ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አብሮ ይስማ፤ የወንጀል ጠበቃው ቀላል ነው ብሎ የሚቀበለው ስምምነት ግሪን ካርድዎን ሊነካ ይችላል። ወደ ፖሊስ የሚኬደው ከዚያ በኋላ፣ ከጠበቃ ጋር ነው።