ፖስትግሬስ «ከረንት ትራንዛክሽን ኢዝ አቦርትድ» ሲላችሁ ሎጉን ወደ ላይ እዩት
ፖስትግሬስ ዳታቤዝ የምትጠቀሙ፣ ይሄ ኤረር (ትራንዛክሽኑ ተቋርጧል ማለት ነው) ሲመጣባችሁ እሱ መስመር ላይ ያለውን ኩዌሪ እያገላበጣችሁ ጊዜ አታባክኑ፣ እሱ ምንም አላጠፋም። ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ኩዌሪዎች) ውስጥ አንድ ኩዌሪ ከወደቀ፣ ሮልባክ እስኪደረግ (የተሠራው እስኪሰረዝ) ድረስ ፖስትግሬስ ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ፣ ቀላል ሰሌክትም ቢሆን፣ አይቀበልም፤ ስለዚህ ዋናው ጥፋት ከሱ በፊት ነው ያለው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ኮዱ ውስጥ የሆነ ትራይ ካች (ኤረር የሚይዝ ኮድ) ኤክሴፕሽኑን ውጦት ዝም ብሎ ቀጥሏል (ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ እባካችሁ ቢያንስ ሎግ አድርጉት)። የሰርቨሩ ሎግ ላይ መጀመሪያ የመጣውን ኤረር ፈልጉ፣ ዱፕሊኬት ኪ (መደገም የሌለበት ቁልፍ ሲደገም የሚመጣ ኤረር) ሊሆን ይችላል። ሊወድቅ የሚችል ኢንሰርት ካላችሁ ከሱ በፊት ሴቭፖይንት (ትራንዛክሽኑ ውስጥ የምትመለሱበት ምልክት) አድርጉ፣ ከወደቀ ወደዛ ሮልባክ አድርጋችሁ ትቀጥላላችሁ። ከማይኤስኪውኤል የመጣችሁ በተለይ ልብ በሉ፣ እዛ ዱፕሊኬት ኪ ቢመጣም ትራንዛክሽኑ ይቀጥላል፣ እዚህ ግን አይቀጥልም።